ፑል ላይ ማን ከማን ይበልጣል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም ነው ወገን፣ ዛሬ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ፣ ውጭ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው የትም አልሄድም፣ ስለ ፑል ደረጃ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ሻምፒዮን ምናምን አይደለሁም፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሃያ አመት በላይ ስቲክ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ላለፉት ስድስት አመታት ደሞ የምንጫወትበት ቤት ውስጥ ማን ማንን እንዳሸነፈ በደብተር እየመዘገብኩ ነው። በደብተሩ ብዙ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ጋሼ የሰው ደረጃ የሚታወቀው በምንድነው? እኛ ሰፈር ቆንጆ የሚመታ ሁሉ ፕሮ ይባላል

ቆንጆ መምታትማ አይን ያታልላል። አንድ ልጅ አለን፣ ኳሷን ሁለት ጠርዝ አስመትቶ ጥግ ቀዳዳ ውስጥ ሲከታት ቤቱ በጩኸት ይናጋል፣ ቀጥሎ አፉ ላይ የቆመችውን ጥቁር ይስታታል። እኔ የምጽፈው ጌሙን ማን ወሰደው የሚለውን ብቻ ነው። ደረጃ ማለት ማንን አሸነፍክ፣ ስንት ጊዜ፣ ያሸነፍከው ሰውስ በተራው ማንን ያሸንፋል ነው። ቼዝ ላይ አርፓድ ኤሎ የሚባል ፊዚሲስት የሰራው የነጥብ አሰራር አለ፣ የአለም ቼዝ ፌዴሬሽንም በ1970 ተቀብሎታል፣ አሁን ፑል ላይ በጣም የሚታወቀው ፋርጎሬት የሚባል የደረጃ ነጥብ በሀሳብ የዛ ዘመድ ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ካለችው ፋርጎ ከተማ ነው።

የፋርጎሬትን ቁጥር አስረዳኝ ብሮ፣ 600 ምን ማለት ነው?

ቁጥሩ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ የሚያወራው ልዩነቱ ነው። ካንተ በ100 ነጥብ የሚበልጥ ሰው አንተ 1 ጌም ስታሸንፍ እሱ 2 ያሸንፋል፣ በ200 ከበለጠህ 4 ለ 1፣ በ300 ከሆነ 8 ለ 1፣ እንዲህ በየ100ው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። የአለም ቁንጮዎቹ ከ800 በላይ ናቸው፣ ስለዚህ 600 ያለው ሰው ከነሱ ካንዱ ጋር ቢቆም ከአምስት ጌም አንድ ቢያገኝ ነው። ደሞ አንድ ሰው ቢያንስ 200 ጌም ካልተመዘገበለት ቁጥሩ ጸንቷል አይባልም፣ የቆየ ጌም ክብደቱ እየቀነሰ ስለሚሄድም የዛሬ አስር አመት ጉራህ አያድንህም።

እኔ አንደኛ የሚባለውን ሰውዬ ሁለቴ አሸንፌዋለሁ እኮ፣ ታዲያ አልበልጠውም?

አብሽር፣ አሸንፈሃል፣ ማንም አይወስድብህም። ግን ሰውየው እጥፍ ቢበልጥህ እንኳን ከሶስት ጌም አንዱ ያንተ ነው፣ ሻይ እስኪመጣ አንድ ጌም ተጫውተህ ብትወስድ የሚገርም ነገር የለውም። 3 የቀደመ ያሸንፋል ብትባባሉ እሱ ከመቶ 79 ጊዜ ይወስዳል፣ 5 የቀደመ ከሆነ 86 ገደማ ይሆናል። እየረዘመ ሲሄድ እድል እየቀነሰ ችሎታ እየወጣ ነው የሚሄደው። ሁለቴን ተውና ሀምሳ ጌም ተጫወቱ፣ ከዛ ንገረኝ።

ደሴ ይበልጣል ኮምቦልቻ? እውነቱን ተናገር

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። በመጀመሪያ የራሴን ውርደት ላውራ። የዛሬ ስንት አመት እኛ ቤት የሚችለኝ ጠፋ፣ ልቤ አበጠና በሚኒባስ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ 7 ለ 1 ገረፈኝ። 7 ለ 1! በኋላ ነው የገባኝ፣ እኛ ቤት ያለው ጠረጴዛ በበሩ በኩል ወዳለው ጥግ ያዘነብላል፣ እግሩ ስር የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል፣ ካርቶኑ ሲረግብ ቀስ ብላ የሄደች ኳስ ሁሉ ወደዛ ጥግ ትታጠፋለች። እኔ ለካ አመታት ሙሉ ያቺን መታጠፍ ነበር ያጠናሁት። በዛ ላይ ደሴ ክረምት ላይ ጨርቁ እርጥበት ይይዝና ኳስ ይከብዳል፣ ጠንከር አድርገህ መምታት ትለምዳለህ፣ ቆላው ሞቅ ያለ ነው፣ እዛ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ነጯ ኳስ አልፋኝ አልፋኝ ትሄዳለች። ሰበብ አይደለም፣ ልጁ ይበልጠኛል፣ ግን 7 ለ 1 አይበልጠኝም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሁለት ከተማ የሚወዳደረው በመሀላቸው ተመላልሶ በሚጫወት ሰው ነው። እኛ እርስ በርሳችን ብቻ እየተጫወትን "ደሴ አንደኛ" ብንል፣ እነሱም እዛው ሆነው እንደዛው ቢሉ፣ ሁለቱም የየራሱ ቤት አንደኛ ነው እንጂ ማወዳደሪያ የለም። አንድ የሁለቱንም ቤት ሰዎች ብዙ ጊዜ የገጠመ ልጅ ካለ ግን እሱ ድልድይ ነው፣ እኛ ቤት አምስተኛ ሆኖ እዛ ሁለተኛ ከሆነ የሆነ ነገር ነገረን። ፋርጎሬትም አለምን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው እንደዚህ ነው፣ ተጓዥ ተጫዋቾች ከተማን ከከተማ እያያያዙለት፣ የሁሉንም ጌም አንድ ላይ ያሰላል። ሴትም ወንድም በአንድ መስመር ላይ ነው የሚቀመጠው። እኛ ጋ በሁለቱ ከተማ መሀል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው፣ ግን ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ቤት በደንብ የተጫወቱ ሶስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ መልሴ፣ ገና አልታወቀም። ተናደዱ።

ለደካማ ሰው መነሻ ስንሰጥ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው፣ ፍትሃዊው ስንት ነው?

ደብተር ካለህ ቀላል ነው። እጥፍ የሚበልጥህ ሰው 6 ጌም እስኪያሸንፍ አንተ 3 ካሸነፍክ ታሸንፋለህ ብትባባሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ይቻላል፣ እንደውም ትንሽ ላንተ ያደላል። ጭቅጭቁ የሚመጣው መነሻውን በአይን ስለምትሰፍሩት ነው፣ ተሸናፊ ከፋይ ሲሆን ደሞ ሁሉም ሰው ደካማ ነኝ ባይ ነው።

እሱን ልጠይቅ ነበር፣ ሆን ብሎ እየተሸነፈ መነሻ የሚጠይቀውንስ ምን እናድርገው?

ይሄ በሽታ አሜሪካም አለ። እዛ ኤፒኤ የሚባል ትልቅ የአማተር ሊግ አለ፣ በ1979 የተመሰረተ፣ ተጫዋቾቹን ስምንት ኳስ በሚባለው ጨዋታ ከ2 እስከ 7፣ ዘጠኝ ኳስ በሚባለው ከ1 እስከ 9 ደረጃ ይሰጣል። ጌሙን አሸነፍክ አልያም ተሸነፍክ ብቻ ሳይሆን ለማሸነፍ ስንት ተራ ፈጀብህ የሚለውንም ይቆጥራሉ፣ ለማስገባት ሳታስብ ለመከላከል ብለህ የመታሃትን ኳስ ደሞ ለይተው ይጽፏታል። ስለዚህ ተደብቆ የሚጫወት ሰው ሲያሸንፍ በሁለት ተራ ጠራርጎ ከወጣ ያው ይታወቅበታል። ሌላም ብልሃት አላቸው፣ የሚሰለፉት አምስት ሰዎች ደረጃ ተደምሮ ከ23 መብለጥ የለበትም፣ 7፣ 6፣ 4፣ 3፣ 3 አይነት ነገር። ጉልቤ ብቻ ሰብስበህ መምጣት አትችልም፣ ጀማሪም ቦታ ያገኛል። እኛ ቤት ግን መፍትሄው ሌላ ነው፣ አንዴ የተነቃበት ሰው ቡና እየገዛ አንድ ወር ይቀጣል።

እኔ ሴት ነኝ፣ ፑል ቤት ሄጄ ከሁሉ ሰው ጋር መጫወት አይመቸኝም፣ ዘመዴ ሆቴል ያለው ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ነው የምለማመደው፣ ደረጃዬን በምን ልወቅ?

እህቴ አንቺ እንደውም ከብዙዎቹ ወንዶች የተሻለ መለካት ትችያለሽ። ከማይታይ ሰው ጋር ተጫወቺ፣ እሱ ስቶ አያውቅም። ኳሶቹን በትኚ፣ ነጯን በእጅሽ የፈለግሽበት አስቀምጪ፣ ከዛ በተራ ቁጥር አስገቢ፣ አንዴ ከሳትሽ ጌሙ የሱ ነው። በ3 ኳስ ጀምሪ፣ ከአስር ጌም ሰባቱን ስታሸንፊው 4 አድርጊው። ዘጠኙን ኳስ ይዘሽ እኩል የወጣሽ ቀን ፒያሳ ነይ፣ የምንሸሸው እኛ ነን።

ሁለተኛው መንገድ በወረቀት ነው። ያስገባሻቸውን ኳሶች ቁጠሪ፣ ስህተትሽንም ቁጠሪ፣ የገባውን ለሁለቱ ድምር አካፍዪ። 30 አስገብተሽ 10 ከተሳሳትሽ 0.750 ነው። አኩስታትስ የሚባሉት የትልልቅ ግጥሚያ ቪዲዮ ቀራጮች ፕሮዎቹን የሚለኩት በዚህ ነው፣ ከ0.900 በላይ ሲሆን የአለም ደረጃ ይሉታል። ስህተት ሲባል መሳት ብቻ አይደለም፣ ኳሷ ገብታ ነጯ መጥፎ ቦታ ብትቆምብሽም ይቆጠራል። ይሄኛው ነው የሚያመው።

ስኑከር ላይስ? 147 የሰራ ሰው አንደኛ አይባልም?

አይባልም። 147 በአንድ ተራ ሳይስቱ የሚሰበሰብ ከፍተኛው ነጥብ ነው፣ ያቺን ፍሬም፣ ማለትም ያቺን አንድ ጌም፣ በደንብ ሰራ ማለት ነው። የስኑከር አለም ደረጃ የሚወጣው በሁለት አመት ውስጥ ከደረጃ ውድድሮች በተሰበሰበ የሽልማት ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ትልቁን ዋንጫ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ወደ ላይ ይፈናጠራል። ለኔ ገንዘብ ማን ሀብታም እንደሆነ ነው የሚናገረው ብዬ እከራከራለሁ፣ ግን ማን ይሰማኛል።

ደብተርህ ላይ አንተ ስንተኛ ነህ?

አራተኛ። ካርቶኑን አውጥተን ጠረጴዛውን በውሃ ልክ ካስተካከልነው በኋላ ነው ከአንደኝነት የወረድኩት፣ ያስተካከልኩት ደሞ እኔው ራሴ ነኝ።