ሳይገድል የሚጥል መሣሪያ በልብ ወለድ ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጀግናው ይተኩሳል፣ ጠላት ይዘረራል፣ ግን ማንም አይሞትም። በልብ ወለድና በፊልም ስለምናያቸው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄው ጎረፈ። የሳይንስ ልብ ወለድ በማንበብና የጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ በማረም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ወታደርም ሐኪምም አይደለሁም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው? «ስታር ትሬክ» ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ «ስታር ትሬክ» በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጀምር ሐሳቡ ሸምግሎ ነበር። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በ1869 እና በ1870 ባሳተመው የባሕር ውስጥ ጉዞ ልብ ወለድ የካፒቴን ኔሞን ሰዎች በኤሌክትሪክ የተሞላች ትንሽ የብርጭቆ ጥይት የሚተፋ ጠመንጃ አስታጥቋቸዋል። ያቺ ጥይት ግን በጥቂቱ እንኳ የነካችውን ሁሉ ትገድላለች፤ ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ አትሆንም። እኔን የሚማርከኝ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሌላ ትዕይንት ነው። መርከቡ በቶረስ ሰርጥ ዐለት ላይ ተቀርቅሮ ሳለ የአካባቢው ደሴት ነዋሪዎች ሊገቡበት ይመጣሉ። ኔሞ የደረጃውን የብረት መደገፊያ ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶታል። መጀመሪያ የጨበጠው ሰው እየጮኸ ወደ ኋላው ይፈረጥጣል፣ ተከታዮቹም እንዲሁ። አንድም ሰው አይሞትም። የዚህ መሣሪያ እውነተኛ አያት ለእኔ ጠመንጃው ሳይሆን ያ መደገፊያ ነው።

ከዚያ በ1911 በአሜሪካ ለልጆች የተጻፈ፣ ቶም ስዊፍት የሚባል ወጣት ፈልሳፊ ታሪክ መጣ። የልጁ የኤሌክትሪክ ጠመንጃ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲያሻው ይገድላል፣ ሲያሻው ያደነዝዛል። ጠመንጃውን ይዞ የሚሄደው ወደ አፍሪካ ነው፣ ዝሆን ሊያድን። መጽሐፉ የአፍሪካን ሰዎች የሚገልጽበት አነጋገር ዛሬ ለማንበብ የሚያቅለሸልሽ ነው፤ ጠመንጃው ግን ከመጽሐፉ አምልጦ ወጣ።

ጥያቄ፦ አምልጦ ወጣ ሲሉ ፖሊሶች የሚይዙትን የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ቴዘርን ማለትዎ ነው? ስሙን ከዚያ መጽሐፍ አገኘ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ መሣሪያውን በ1974 ሠርቶ ሲጨርስ በልጅነቱ ከሚያውቀው ከቶም ስዊፍት ጠመንጃ ስም የመነሻ ፊደላትን ወስዶ ሰየመው። የመጀመሪያው ቴዘር ሽቦውን የሚወረውረው በባሩድ ስለነበር የአሜሪካ መንግሥት በ1976 ከጦር መሣሪያ መደበው፤ ገበያውም በዚያው ቀዘቀዘ። በ1990ዎቹ ባሩዱ በታመቀ ናይትሮጅን ተተካ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሁለት መንጠቆ ያላቸው ትናንሽ መርፌዎች ቀጭን ሽቦ እየጎተቱ ይወጣሉ። ሁለቱም መሰካት አለባቸው፤ አንዱ ከሳተ ኤሌክትሪኩ የሚዞርበት መንገድ የለምና ሰውየው ቆሞ ያይሃል። እንደ ካፖርት ያለ ወፍራምና ሰፊ ልብስም ሊያከሽፈው ይችላል። ሁለቱ ተራርቀው ከተሰኩ ግን ጡንቻ በሙሉ ይጨመደዳል፣ ሰውየው እንደ ግንድ ይወድቃል። በተለመደው ሞዴል አንድ ጊዜ ሲሳብ 5 ሰከንድ ይቆያል። ልብ በሉ፣ ራሱን አይስትም! ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያያል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቆም ደግሞ መነሣት ይችላል። በቴዘር ተመትቶ እስከ ማግስቱ የተኛ ዘበኛ በረቂቅ ውስጥ ሳይ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያለ ሽቦ፣ እንደ ፊልሙ ብልጭ ብሎ ከሩቅ የሚጥል ጨረር ለምን አልተሠራም?

መልስ፦ አየር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በአየር ውስጥ ብልጭታ ለማዝለል ለአንድ ሜትር ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት ያስፈልጋል። 10 ሜትር ርቆ የቆመን ሰው ለመምታት መብረቅ መሥራት ይኖርብሃል፤ መብረቅ ደግሞ «አደንዝዝ» ብለህ የምታዝዘው ነገር አይደለም። በሌዘር አየሩን አዘጋጅቶ ኤሌክትሪኩን በዚያ ለማሳለፍ የሞከሩ አሉ፤ ፖሊስ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው መሣሪያ ግን አልወጣውም።

የአሜሪካ ጦር የሠራው አንድ የጨረር መሣሪያ አለ። በ95 ጊጋኸርዝ የሚተኮሰው ጨረር ቆዳን ከግማሽ ሚሊሜትር ባነሰ ጥልቀት ያሞቃል፤ የተመታው ሰው የተቃጠለ መስሎት ይሸሻል። በ2010 ወደ አፍጋኒስታን ተወስዶ አንድም ጊዜ ሳይተኮስ ተመለሰ። ያባርራል እንጂ አይጥልም።

ጥያቄ፦ እኔ ነርስ ነኝ። በፊልም አንዱ መሐረብ አፍንጫ ላይ አድርጎ ሰው በሦስት ሰከንድ ሲያስተኛ፣ ወይም ጋዝ ለቅቆ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያስተኛ በጣም እናደዳለሁ። እርስዎስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽን እጋራለሁ። ክሎሮፎርም ሰውን ለማስተኛት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ከተኛም በኋላ አገጩን ደግፎ መተንፈሻውን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን በ1847 ለሕክምና ማዋል በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በ1848 መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ አገር አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯን ለማስነቀል ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ሞታለች። ሐኪም አጠገቧ እያለ።

ስለ ጋዝ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሞስኮን ቲያትር ሳያጠና ብዕር ባያነሣ ደስ ይለኛል። ጥቅምት 2002 ታጣቂዎች በዱብሮቭካ ቲያትር ውስጥ ከ800 በላይ ሰዎችን አገቱ። በአራተኛው ቀን የሩሲያ ልዩ ኃይል በአየር ማስገቢያው በኩል የሚያስተኛ ጋዝ ለቀቀ። በወረቀት ላይ የልብ ወለድ ሕልም ነው፦ ሁሉም ይተኛል፣ ወታደር ይገባል፣ ታጋቾች ይነቃሉ። ወደ 130 ታጋቾች ሞቱ፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም የገደላቸው ጋዙ ነው።

ለምን? አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሁሉም እኩል የሚደርስ መጠን የለም። ማስገቢያው አጠገብ የተቀመጠው ብዙ ይስባል፣ ጥግ ያለው ትንሽ። ሕፃን አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ለሦስት ቀን በወጉ ያልበላና ያልተኛ ሕዝብ ነው። ወንበር ላይ እንዳለ አንገቱ ወደ ኋላ የታጠፈ ሰው ምላሱ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ውጭ የሚጠብቁት የሕክምና ሠራተኞች ደግሞ ሰዎቹ ምን እንደሳቡ አልተነገራቸውም። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ከተረፉ ሰዎች ልብስና ሽንት ላይ ካርፈንታኒልና ረሚፈንታኒል አግኝተዋል፤ ሁለቱም ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነው የፈንታኒል ዘመዶች ናቸው፣ ትንፋሽ ያስቆማሉ። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ግን በጊዜው መድረስ አለበት።

እኔ ይህን ታሪክ ብጽፍ ምዕራፉን የምጀምረው ጋዙ ከተለቀቀ በኋላ ነው። የተኛውን ሰው በጎኑ የሚያገላብጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ማጅራት መምታትስ? በመርማሪ ልብ ወለዶቻችን ሁሉ አለ።

መልስ፦ አለ፤ ቢቀር ይሻላል። ከምት በኋላ ራስን መሳት ብዙውን ጊዜ የሰከንዶች ወይም የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ሐኪሞች ቀላል ጉዳት አይሉትም። ለሦስት ሰዓት ተዘርሮ የነቃ መርማሪ ገመዱን ፈትቶ፣ አጥር ዘልሎ፣ ገዳዩን አያሳድድም። ያስመልሰዋል፣ ቀኑንም ይረሳል።

ጥያቄ፦ በመጠጥ ውስጥ የሚጨመር የእንቅልፍ መድኃኒት?

መልስ፦ እዚህ ላይ የሚያስተምረን ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት «ሮሜዎና ዡልየት» ነው። ዡልየት የጠጣችው መድኃኒት 42 ሰዓት እንደ ሙት ያደርጋታል ተብሎ ነበር፤ አደረጋት፣ እንደተባለውም ነቃች። መድኃኒቱ ምንም አላጠፋም። የጠፋው ለሮሜዎ የተላከው መልእክት ነው። ሼክስፒር መሣሪያው እንከን የለሽ እንዲሆን ፈቅዶ ጥፋቱን ሌላ ቦታ አስቀመጠው፤ ከዚህ የተሻለ አጠቃቀም አላየሁም።

ጥያቄ፦ ልጅ ሆነን የምንሰማው አፍዝ አደንግዝ ከዚህ ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል እንጂ! የእኛ ሰው ሳይገድል የሚጥል መሣሪያን ለማወቅ የአሜሪካን ቴሌቪዥን አልጠበቀም። በወሬው መሠረት ሌባው ሲቀርብ ባለገንዘቡ ይፈዝዛል፤ ሣጥኑን በገዛ እጁ ከፍቶ፣ ቆጥሮ ያስረክባል፤ ሌባው ከተሰወረ በኋላ ወደ ልቡናው ይመለሳል። እንደ ልብ ወለድ ጸሐፊ ስመለከተው ከፌዘር፣ ከ«ስታር ትሬክ» የጨረር መሣሪያ፣ ይልቅ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው። በጨረር ተመትቶ የወደቀ ሰው ይታዘንለታል። በገዛ እጁ አውጥቶ የሰጠውን ግን ሚስቱስ ታምነዋለች? ጎረቤቱስ? ጉዳቱ የሚጀምረው ከነቃ በኋላ ነው። ይህን ወስዶ ሙሉ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው እፈልጋለሁ።

እግረ መንገዴን፦ በጣና አካባቢ ዓሣ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይጨምሩ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለ መርዝ ግን የሚፈለገውን ትልቅ ዓሣ ከማይፈለገው ጫጩት አይለይም፤ ሞስኮ ላይ እንደሆነው ነው።

ጥያቄ፦ በፖሊስነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። እኛ «የማይገድል መሣሪያ» ማለት ትተናል። ጸሐፊዎቹ ለምን አይተዉም?

መልስ፦ ትክክል ነዎት፤ አሁን በብዙ አገር የሚባለው «የመግደል ዕድሉ ያነሰ» ነው። በሰሜን አየርላንድ ከ1970 ጀምሮ የተተኮሱት የጎማና የፕላስቲክ ጥይቶች 17 ሰዎችን ገድለዋል፣ ሕፃናትም አሉባቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2012 እንዳስታወቀው በአሜሪካ ከ2001 ወዲህ በቴዘር ከተመቱ በኋላ የሞቱት ቢያንስ 500 ነበሩ። ሁሉንም የገደለው መሣሪያው ነው ማለት አይደለም፤ ግን የሚወድቅ ሰው አስፋልት ላይ ነው የሚወድቀው፣ ወይም ደረጃ ላይ፣ ወይም ውኃ ውስጥ። ጸሐፊዎቹ የማይተዉት ስለሚመቻቸው ነው፦ ጀግናቸው ይተኩሳል፣ እጁም ንጹሕ ይሆናል። ምሕረት ያለ ዋጋ። እኔን የሚያጣላኝ ይኼ «ያለ ዋጋ» የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ መሣሪያው ፍጹም የሆነበትን ዓለም መጻፍ አይቻልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን አንባቢ ወዲያው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ይህ ካለ ሌላው ጠመንጃ ለምን አስፈለገ? «ስታር ዋርስ» በ1977 ሲከፈት ወታደሮች ልዕልት ሌያን በሰማያዊ የቀለበት ጨረር ይጥሏታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ታሪኩ በሕይወት እንድትማረክ ይፈልጋታል። ከዚያ በኋላ እነዚያው ወታደሮች እስከ ፊልሙ መጨረሻ ያ ጨረር እንዳላቸው የረሱ ይመስላል። «ስታር ትሬክ» በ1968 ከዚህ የባሰ ጣጣ ውስጥ ገብቷል፦ መርከቧ ከሰማይ ሆና አንድ መንገድ ሙሉ ሽፍቶችን ታደነዝዛለች። ያስቃል። ግን ይህን ማድረግ የምትችል መርከብ ከዚያ ወዲያ ምን ያስጨንቃታል? በ1991 የወጣው ስድስተኛው ፊልም ጥሩ ማረሚያ አለው፤ ሁለት ሰዎች በማደንዘዣው ኃይል፣ ነገር ግን በቅርብ ተተኩሶባቸው ሞተው ይገኛሉ። አንድ ሐረግ ብቻ ናት፤ መሣሪያው ወዲያው ክብደት አገኘ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በረቂቄ ውስጥ ጀግናዬ ዘበኛውን እንስሳት በሚያስተኙበት የመርፌ ጠመንጃ ትጥለዋለች። በስንት ሰከንድ ይውደቅ?

መልስ፦ በሰከንድ አትቁጠሪው፣ በደቂቃ ነው። ያንን ጠመንጃ በ1950ዎቹ የፈለሰፈው የኒው ዚላንዱ ኮሊን መርዶክ ነው፤ የዱር እንስሳት ሐኪሞች ዛሬም እንስሳው እስኪወድቅ ይከተሉታል፣ መጠኑንም በክብደት ይገምታሉ። ዘበኛሽ 60 ኪሎ ነው ብላ ያዘጋጀችው መድኃኒት 90 ኪሎ ሰው ላይ ያንሳል፤ በግልባጩ ከሆነ ይገድላል። ክብደቱን በምን አወቀች? ከዚያ በፊት አይታው፣ ምናልባትም ቡና አቅርቦላት መሆን አለበት። መርፌው ከተሰካ በኋላም ይጮሃል፣ ይሮጣል፣ ፊሽካውን ይፈልጋል፣ ወይም ለምን እንደወጋችው ይጠይቃታል። እነዚያን ደቂቃዎች ጻፊያቸውና ላኪልኝ፤ የቀረውን ረቂቅ ከዚያ በኋላ አነብበዋለሁ።