ዶሜይን ለሚሠራበት ድርጅት በቀጥታ ብሸጥ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ከጥገናው ጎን ለጎን በዶት ኮም የሚያልቁ ዶሜይኖች (የድረ ገጽ አድራሻ ስሞች) እየገዛሁ አስቀምጣለሁ፤ አሁን 11 ደርሰዋል። አንዱ «ድሬ» እና «ጭነት»ን በእንግሊዝኛ ያጣመረ ነው፤ አንዱ የሐረር ቡና የሚል ነው፤ አንዱ ደግሞ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር ያለ የታወቀ ሆቴል ስም ነው። የውጭ ካርድ ስለሌለኝ ሁሉንም በራሱ ስምና በራሱ ካርድ የገዛልኝ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ገበያ ላይ አውጥቼ ገዢ ከምጠብቅ ስሙ ለሚጠቅመው ድርጅት በቀጥታ ልሽጥ ብዬ ለሆቴሉ ባለቤት በቴሌግራም «200 ሺህ ብር ካልከፈሉ ለተፎካካሪዎ እሰጠዋለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም ጠበቃ ይዘው «ስሜን ሰርቀሃል» አሉኝ። በጂቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ የጭነት ድርጅት ደግሞ የጭነቱን ስም በ150 ሺህ ብር ሊገዛኝ ተስማምቷል፤ ግን «መጀመሪያ ስሙን አዛውርልኝ፣ ከዚያ እከፍላለሁ» ይላል። ሥራው ራሱ ወንጀል ነው? ውሉንስ እንዴት ልዋዋል? ንግድ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዶሜይን ገዝቶ አትርፎ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ወጣት ሁሉ ሌባ ሲባል መስማት ያሳዝነኛል፤ ማንም ያላሰበውን ጥሩ ስም ቀድሞ ማየትና ለሚጠቅመው ሰው ማቅረብ እንደማንኛውም ንግድ የተከበረ ነው። ነገር ግን 11ዱንም ስሞች በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። የአንዱ ሽያጭ ንግድ ነው፣ የሌላው ሽያጭ በራስ ላይ ማስረጃ ማደራጀት ነው። ለይተው የሚያውቁት በሁለት ጥያቄ ነው፦ ስሙን ሲያስመዘግቡ ማንን አስበው ነበር? ለገዢው መጀመሪያ የጻፉትስ ምንድን ነው? ያሰቡትን በልብዎ ይዘው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ የጻፉት ግን ያሰቡትን ይናገርብዎታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው ነው።

ከሆቴሉ ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። የዶት ኮም ስም ሲመዘገብ አስመዝጋቢው አብዛኛውን ጊዜ ሳያነብ «እስማማለሁ» በሚልበት ውል ውስጥ የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የክርክር መፍቻ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ የንግድ ምልክት ባለቤት ለምሳሌ ጄኔቫ ላለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤት ሲል ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም የሚያምታታ መሆኑን፣ ያስመዘገበው ሰው በስሙ ላይ መብትም ሆነ ተገቢ ጥቅም እንደሌለው፣ እንዲሁም ስሙ ያለ ቅን ልቦና እንደተመዘገበና ጥቅም ላይ እንደዋለ። ቅን ልቦና የለም ከሚያሰኙት ሁኔታዎች ደንቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅሰው ስሙን በዋናነት ለምልክቱ ባለቤት ወይም ለተፎካካሪው፣ ከወጣበት ወጪ በላይ በሆነ ዋጋ ለመሸጥ ማስመዝገብን ነው። የቴሌግራም መልእክትዎን አሁን እንደገና ያንብቡት። ባለቤቱ አሉ፣ ተፎካካሪው አለ፣ ዋጋው አለ። ከሳሽ ሊያስረዳው የሚቸገርበትን ነጥብ እርስዎ በአንድ መስመር ጽፈው ሰጥተዋቸዋል።

በአገራችን ሕግም ቢሆን ቦታው ጠባብ ነው። የሆቴሉ ስም በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ተመዝግቦ ከሆነ ባለቤቱ ለሰባት ዓመት የሚጸናና የሚታደስ መብት አላቸው። በንግድ ምልክትነት ባይመዘገብም እንኳ በንግድ ስምነት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ድርጅት ላይ መምታታት የሚፈጥር ድርጊት ደግሞ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ለክሱም አዲስ አበባ መሄድ አያሻቸውም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት እዚሁ ድሬዳዋ ያስችላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለባለቤቱ አንድም ቃል አይጻፉ። የጻፉትንም አያጥፉ፤ ስክሪንሹቱ በጠበቃቸው እጅ ነው፣ ማጥፋትዎ ሌላ ጥርጣሬ ከመጨመር በቀር አይጠቅምም። በጠበቃ በኩል ወይም ሁለታችሁም በምታከብሩት ሽማግሌ በኩል «ስሙን ላስመዘገብኩበትና ላደስኩበት ያወጣሁትን በደረሰኝ ብቻ ተቀብዬ አስረክባለሁ» ይበሉ። ይህን የምለው እንዲሸነፉ ፈልጌ አይደለም። ባለቤቱ ጄኔቫ ላለው ድርጅት አቤት ቢሉ ለአንድ ገላጋይ 1,500 ዶላር ይከፍላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ስሙን ያለ ምንም ክፍያ ያጣሉ። ሁለታችሁንም የሚያሳርፍ መንገድ ይሄ ነው። አቤቱታው ቀድሞ ከተላከ ግን መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 20 ቀን ብቻ መሆኑን፣ ማስታወቂያውም የሚደርሰው በምዝገባው ላይ ባለው ኢሜይል፣ ማለትም በአክስትዎ ልጅ ሳጥን መሆኑን ይወቁ።

አሁን ወደ ቀሪዎቹ ስሞች። ለተጠቃሚው በቀጥታ መጻፍ ይቻላል፤ አጻጻፉን የሚገዛ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ብሎ ተቀባዩ ሳይፈቅድ የማስታወቂያ መልእክት መበተንን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ያው አንቀጽ የላኪው እውነተኛ ማንነትና አድራሻ ያለበትን፣ ተቀባዩም በቀላሉ «ይብቃኝ» የሚልበትን የኢሜይል ማስታወቂያ ከቅጣቱ ያወጣዋል። ከየገጹ የለቀሙትን ሁለት መቶ አድራሻ ሰብስቦ አንድ መልእክት መርጨት አደጋ ነው። ለአንድ ድርጅት፣ ስለ አንድ ስም፣ በራስ ስም መጻፍ ሌላ ነገር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እገሌ እባላለሁ፤ ከዚራ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ፤ ስልኬ ይህ ነው። ድሬንና ጭነትን የሚያጣምር ዶሜይን በእጄ አለ። ለሥራችሁ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ነው የጻፍኩት። የምትፈልጉት ከሆነ ተገናኝተን እንነጋገር። ካልሆነ ‹አልፈልግም› ብቻ በሉኝ፤ ሁለተኛ አልጽፍም።»

የጎደለውን ልብ ይበሉ፦ ተፎካካሪ የለም፣ የጊዜ ገደብ የለም፣ ማስፈራሪያ የለም። ይህ ወረቀት ነገ ዳኛ ፊት ቢቀርብ አያሳፍርዎትም። ድሬዳዋ ላለ ነጋዴ ግን ከደብዳቤ ይልቅ በአካል መሄድ ይሻላል እላለሁ፤ ጠዋት ይሂዱ፣ ከቀትር በኋላ በድሬ ሙቀት ስለ ንግድ የሚያዋራዎት አያገኙም።

የጭነቱ ስም ንጹሕ ነው። የከተማ ስምና የሥራ ዓይነት የሚገልጹ ቃላት ናቸው፣ የአንድ ድርጅት መለያ አይደሉም፤ አንድ ድርጅት ይህንኑ ጥምረት ቀድሞ አስመዝግቦት እንዳይሆን ብቻ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ዘንድ ያጣሩ። ችግሩ ያለው ሻጩ ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ዶሜይን እንደ ላፕቶፕ ተጨብጦ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም፤ ተመዝጋቢው በመዝጋቢው ኩባንያ (ስሙን በሸጠለት ድርጅት) ላይ ያለው የውል መብት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1962 ጀምሮ መብትን ለሌላ ማስተላለፍን ይፈቅዳል፤ የሚያስተላልፈው ግን መብቱ ያለው ሰው ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የአክስትዎ ልጅ ነው። እርስዎ ፈርመው 150 ሺህ ብር ቢቀበሉና እሱ ነገ «አልሸጥኩም» ቢል፣ ገዢው የሚከሰው እርስዎን ነው። ዘመድነት እዚህ ላይ መተማመኛ አይሆንም፤ ዘመዱ ቢሞት እንኳ ወራሾቹ እርስዎን አያውቁም። ወይ ከእሱ ውክልና ይምጣልዎት፤ ባለበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ። ወይ ደግሞ ስሙ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ይዙር። ሁለተኛው ይቀላል፤ ነገር ግን የተመዝጋቢ ስም ሲቀየር ወይም ስሙ አዲስ ሲሆን ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ሊቆለፍ ስለሚችል ለገዢው አስቀድመው ይንገሩ። ገዢው በዚያው መዝጋቢ ኩባንያ አካውንት ከከፈተ ግን ከአካውንት ወደ አካውንት ማሸጋገሩ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የማዛወሪያ ኮድ ሰጥቶ ቀናት መጠበቅም አይኖርም።

«ስሙን አዛውርልኝ፣ ከዚያ እከፍላለሁ» የሚለውን አይቀበሉ። እሱም «ክፈልና አዛውራለሁ» ቢሉት አይቀበልዎትም፤ ልክ ነው። መፍትሔው ሁለታችንም የምናውቀው ሲፒኦ ነው። ገዢው በእርስዎ ስም የ150 ሺህ ብር ሲፒኦ አሠርቶ ለጠበቃ ወይም ሁለታችሁ ለምታምኑት ሦስተኛ ሰው በአደራ ያስቀምጣል። ላፕቶፕ ከፍታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ። ስሙ በገዢው አካውንት ሲታይ ሲፒኦው ለእርስዎ ይሰጣል። ውሉም ይህንኑ ይበል፦ «ማስተላለፉ ተፈጸመ የሚባለው ዶሜይኑ በገዢው አካውንት ገብቶ በተመዝጋቢነት የገዢው ስም ሲታይ ነው። በዚያው ሰዓት አደራ ተቀባዩ ክፍያውን ለሻጭ ያስረክባል።» ስሙን ፊደል በፊደል፣ የመዝጋቢውን ኩባንያ ስም፣ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ያስገቡ። ሕጉ ለዚህ ዓይነት ውል የተለየ ፎርም አያስገድድም፤ ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር። ብዙ ጊዜ ሰው «10 ሺህ ያዝልኝ» ሲባል እንደ ቀላል ነገር ይቀበላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 ቀብድ መቀበል ውል መደረጉን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የአክስትዎ ልጅ ፈቃድ በእጅዎ ሳይገባ የጭነት ድርጅቱን ቀብድ አይንኩ። ገዢው «ገንዘቡን በዶላር እዚያው አሜሪካ ለዘመድህ ልስጥልህ» ቢልዎትም እምቢ ይበሉ፤ ሻጩም ገዢውም እዚህ አገር እስከሆናችሁ ድረስ ክፍያው በብርና በባንክ ይሁን።

ፈቃዱን በአጭሩ፦ አንድ ስም አንዴ መሸጥና 11 ስም ይዞ ገዢ መፈለግ አንድ አይደለም። ለትርፍ ደጋግሞ መግዛትና መሸጥ ንግድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የጥገና ፈቃድዎም ይህን አይሸፍንም። ንግድ ቢሮ ሄደው ተስማሚውን ዘርፍ ያስጨምሩ። የጭነት ድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኝ መጠየቁ አይቀርም።

የቀረው የሐረር ቡና የሚለው ነው፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሆቴሉ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ አመልክቶ፣ ከአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃውሞ ገጥሞት፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር እስከ መስማማት ደርሷል። ያ ሁሉ ትግል ገበሬው በስሙ እንዲጠቀም ነው፣ ቡናውን በስሙ ለሚሸጡ አከፋፋዮችም ያለ ክፍያ ፈቃድ የመስጠት አሠራር ተዘርግቷል። ይህን ስም ቡና ለሚቆላ የውጭ ድርጅት በሺህ ዶላሮች ላቅርብ ካሉ ከአገርዎ ምልክት ጋር ነው የሚጋጩት። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሕግ በክፉ ልቦና ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ ዶሜይን ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሣ ያስፈርዳል፤ የዶት ኮም መዝገብ ያለው ቬሪሳይን የሚባለው ኩባንያ ዘንድ፣ ቨርጂኒያ ስለሆነ ስሙን ራሱን እዚያ መክሰስም ይቻላል። ከሐረር ወደ ውጭ የሚልክና ፈቃዱ ያለው ላኪ በወጪው ልክ ሊወስደው ከፈለገ በአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣኑ እውቅና ይስጡት። ካልተገኘ አያድሱት። ለአክስትዎ ልጅም ዛሬውኑ ደውለው ያስረዱት፤ ክሱ ቢመጣ የሚጠራው እርስዎን ሳይሆን እሱን ነው።