በረካው ሳይቀዳ አትነሱ

ልጆቼ፣

34 ዓመት በሒሳብ ሥራ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። «ስለ ገንዘብ አያያዝ ምከሩን» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቡና ነው።

እናቴ በሕይወት ሳለች እሑድ እሑድ ቤቷ ቡና ይፈላል። እኔ አቦሉን ፉት ብዬ እነሳለሁ። ሁሌ ሥራ አለብኝ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲልማ ጭራሽ እጠፋለሁ። «ቶናው እኮ ደረሰ» ትለኛለች። «ሌላ ጊዜ እማዬ» እላታለሁ።

አንድ የነሐሴ እሑድ ዝናብ ያዘኝና ቆየሁ። ቶናው ተጠጣ። ጀበናው እንደገና ተጣደ። ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። እናቴ በረካውን እየቀዳች፣ ዓይኗን ከሲኒው ላይ ሳታነሳ፣ «ይሄ ግራ ዓይኔ እኮ ማየት ትቷል» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

ከሰኔ በቀር እሑድ ሁሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ለግራው ረፍዶ ነበር፤ የቀኝ ዓይኗ ተረፈ። ያቺን ነሐሴ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

አቦል ላይ ሰው የሚያወራው ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው። ቶና ላይ ሳቁ ይመጣል። የሆድ ነገር የሚወጣው ቡናው ከቀጠነ በኋላ ነው። እናቴ ልትደብቀኝ አልፈለገችም። እኔ ነበርኩ ቀድሜ የምነሳው።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ምረጡ፤ ያ ቀን አይነካ። ስልኮቻችሁን ቡፌው ላይ አስቀምጡ። ሥራውን ለእናት ወይም ለእህት ብቻ አትተዉት፤ ወንዶቹም ቁሉ፣ ሲኒ እጠቡ። የ7 ዓመት የልጅ ልጄ ፈንዲሻ አዟሪ ነው። ግማሹን መሬት ላይ ይበትነዋል። ይበትነው! ሥራ የተሰጠው ልጅ ከመሃላችሁ አይርቅም።

በዓልም እንዲሁ ነው። እኔ ከዋናው ቀን ይልቅ ዋዜማውን እወዳለሁ። አንዱ 12ቱን የዶሮ ብልት በሎሚ ሲያጥብ፣ ሌላው ሽንኩርት እየከተፈ እንባው ሲወርድ፣ ወሬው ሲደራ። በዓሉን ከሆቴል የምታዙ ልጆች፣ ይቺን ማታ እንዳታጡ እሰጋለሁ።

ሴት ልጄ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምትኖረው። ለእሷ ሲባል አንድ ስልክ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። በእነሱ በጋ ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው፤ እኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስንቀመጥ እሷ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። ጀበናዋን ጥዳ፣ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን «ደህና ናችሁ?» ብላ ቶሎ ትዘጋው ነበር። አሁን ሦስቱንም አብራን ትጠጣለች። ባለፈው ወር ከሥራ መቀነሷን የነገረችን በረካው ላይ ነው። እናቷ ሲኒዋን አስቀምጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ያን ቀን አራተኛ አፈላን።