የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ፓፕሪካ» ላይ ሕልሙ የቱ ጋ ጀመረ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሳቶሺ ኮንን «ፓፕሪካ» የተሰኘ የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ሁለት ጊዜ አየሁት። ዶክተር ሺማ ቢሮ ውስጥ በደህና እያወሩ ድንገት ስለ እንቁራሪት ዋሽንትና ከበሮ ይቀባጥራሉ፤ ከዚያ ሮጠው በመስኮት ይዘላሉ። አልተኙ፣ ምን ነካቸው? ሕልሙን ከእውኑ በምን ልለየው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ አልተኙም፤ ሕልሙ ነው ያሉበት ድረስ የመጣባቸው። የታካሚ ሕልም ውስጥ የሚያስገባው ዲሲ ሚኒ የተባለው መሣሪያ የተሰረቀው ሥራው ሳያልቅ ነው። ፈልሳፊው ቶኪታ ማን መግባት እንደሚችል የሚወስነውን ቁልፍ ገና አልሠራለትም ነበር። ስለዚህ ሌባው የአንድ በሽተኛን ሕልም ነቅቶ በሚያወራ ሰው ላይ ይለቅበታል። ኋላ ላይ ይብሳል፦ መሣሪያውን ደጋግሞ የተጠቀመ ሰው እንደ አለርጂ ይቆጣና ራሱ ላይ ባያደርገውም ይያዛል። ፊልሙ ይህን በችኮላ ጠቅሶት ስለሚያልፍ ብዙ ተመልካች ያመልጠዋል።

ሕልሙን በቀለም ወይም በጭጋግ አይፈልጉት፤ ኮን ሁለቱንም ዓለም በአንድ እጅ ነው የሣለው። ካቱን፣ ማለትም ከአንድ ትዕይንት ወደ ሌላው የሚቆረጥበትን ቦታ፣ ይከታተሉ። መግቢያው ላይ መርማሪው ኮናካዋ ከሰርከስ ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ ባቡር ሲሻገር እንቅስቃሴው አይቋረጥም፣ ቦታው ብቻ ነው የሚለወጠው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የሐኪሟ የአትሱኮ ቺባ ነው፦ አሻንጉሊት ተከትላ ሰው የሌለበት መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ትገባለች፤ አጥር ልትሻገር ስትል ከኋላ ጎትተው ያድኗታል። አጥር የመሰላት የፎቅ በረንዳ መከለያ ኖሯል! ከቶኪታ ረዳት ከሂሙሮ ቤት ወደ ፓርኩ የወጣችበትን ቅጽበት መልሰው ይዩት።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አንድ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙን ለወዳጆቻችን ልናሳይ የአማርኛ ሰብታይትል አዘጋጀን። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆነብን፤ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ ደግሞ ጽሑፉ ከንግግሩ እየቀደመ ይሄዳል።

መልስ፦ ሳጥን ከሆነ ችግሩ ፎንት ነው፤ በቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ የሰብታይትል ማስተካከያ ውስጥ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይምረጡ። ያልታወቀ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በኮምፒውተር የሚነበብበትን ኮድ) ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት። ፋይሉ ራሱ ኖትፓድ ላይ ሲከፈት በጥያቄ ምልክት ከተሞላ ግን ሴቭ ሲደረግ ፊደሉ ጠፍቷል፤ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መላ የለውም።

መቅደሙን 5ኛውና 80ኛው ደቂቃ ላይ ይለኩት። ልዩነቱ እኩል ከሆነ የጂ እና የኤች ቁልፎች ያስተካክሉታል። መጀመሪያ 12 ሰከንድ፣ ኋላ 3 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ግን ሰብታይትሉ የተሠራው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ ነው፤ የእናንተ ቅጂ 23.976 ነው። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ፕሮግራም ላይ የፍሬም መጠኑን ይቀይሩ። በቁልፍ ልግፋው ካሉ 90 ደቂቃ ሙሉ ሲገፉ ያመሻሉ።

ሳይጠየቅ ሦስት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ጽሑፉ ካት አይሻገር። እዚህ ፊልም ላይ ካቱ ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ዓይን ግርጌ ላይ ከቀረ ቦታው መለወጡን ሳያይ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም «አንተ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም፣ ጃፓንኛው ግን አክብሮት አለው። አትሱኮ ለሺማ «እርስዎ» ትበል። ቶኪታ «አቻን» እያለ ሲያቆላምጣት «አትሱዬ» ቢባል ያምራል፤ «ዶክተር ቺባ» ከተባለ የኋላው ፍቅር ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ሦስተኛ፣ በሕልሙ ውስጥ ፍሪጅና አሻንጉሊት ሳይቀር የሚተሙበትን ሰልፍ ቅዠት በተሰባበረ አማርኛ አትጻፉት። ሰዋስዉ ይስተካከል፣ ትርጉሙ ይጥፋ፤ ድምፁም የስብሰባ መክፈቻ ይምሰል፦ «የተከበራችሁ ፍሪጆች፣ እንኳን በሰላም ቀለጣችሁ» ዓይነት።

ጥያቄ፦ ካርቱን ስለሆነ የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ብመጣስ? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አይሆንም። ርቃንና የወሲብ ጥቃት የሚመስል ትዕይንት አለው፤ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃም አር ነው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አያየውም ማለት ነው። የዚሁ ዳይሬክተር «ሚሌኒየም አክትረስ» (እ.ኤ.አ. 2001) ትዝታንና ፊልምን እንዲሁ ያደበላልቃል፣ ለዘብም ይላል። ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል በእሱ ይጀምሩለት።