አዲስ የመጣው አንበሳ ደቦሎቹን ለምን ይገድላል?

ጥያቄ፦ ወንድ አንበሳ መንጋ ሲይዝ ያገኛቸውን ደቦሎች እንደሚገድል ሰማሁ። የገዛ ወገኑን ለምን ያጠፋል? እናቶቹስ ዝም ብለው ያያሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚገደሉት ደቦሎች ከእርሱ በፊት መንጋውን ይዘው የነበሩት ወንዶች የወለዷቸው ናቸው። የአንበሳ መንጋ መሠረቱ እናት፣ እህትና አክስት የሆኑ ሴቶች ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ግን ሁለትም ሦስትም ሆነው መንጋውን የሚቆጣጠሩት ሌሎች ብርቱዎች እስኪያባርሯቸው ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ለ2 ወይም ለ3 ዓመታት ያህል ብቻ ነው። የምታሳድጋቸው ደቦሎች ያሏት እንስት፣ ልጆቿ ወደ 2 ዓመት እስኪጠጉ በአብዛኛው ለስሪያ አትደርስም፤ ከሞቱባት ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልትደርስ ትችላለች። ጭካኔ የሚመስለን ድርጊት እንግዲህ ጊዜው ላጠረበት ወንድ ዘሩን የሚያስቀጥልበት መንገድ ነው።

እናቶቹም ዝም አይሉም። በተቀራራቢ ጊዜ ወልደው ደቦሎቻቸውን በጋራ ያጠባሉ፤ እንግዳ ወንድ ሲመጣም አንድ ላይ ይጋፈጡታል፤ በኅብረት የቆሙ እናቶች ብቻዋን ከምትከላከል እናት ይልቅ ልጆቻቸውን የማትረፍ ዕድላቸው የሰፋ ነው።