ለጆሮዬ የሚስማማው ሄድፎን የትኛው ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውድ ሄድፎን ናቸው። የብዙ ወር ቁጠባ የሚወጣበት ዕቃ ስለሆነ ሰው ቢጨነቅበት አይገርምም። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ከተማቸውን ብቻ ጽፌያለሁ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎችም አሳጥሬያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከዱባይ፦ "ወንድሜ፣ እስካሁን የምጠቀመው ሶኒ ኤክስኤም4 ነው። ቤዙ ደስ ይለኛል። በቅርቡ ገንዘብ አጠራቅሜ ሰው ሁሉ የሚያወድሰውን ሴንሃይዘር ኤችዲ 800 ኤስ ገዛሁ። ድምፁ ቀጠነብኝ። ፎርጅድ ይሆን እንዴ?"

ፎርጅድ ይሁን አይሁን ከዚህ ብቻ መናገር አይቻልም። ግን የነገርከኝ ነገር የኦሪጅናሉም ጠባይ ነው። ኤችዲ 800 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የተደነቀው በቤዙ አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ የት እንዳለ ለይቶ ስለሚያሰማ ነው። ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ አይታፈንም፤ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥክ ያህል ይዘረጋል። ችግሩ 6,000 ኸርትዝ አካባቢ ይሾል ነበር (ኸርትዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል)። በ2016 የመጣው 800 ኤስ ይህን ሹልነት የሚውጥ ነገር ተጨምሮበታል። እንደዚያም ሆኖ ዛሬም ወደ ትሬብል፣ ማለትም ወደ ቀጭኑ ድምፅ ያደላል። በጣም ዝቅ ያለው ቤዝ ላይ ደግሞ ይሳሳል። የአንተ ሶኒ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቤዙ ከፍ የተደረገ ነው። ከዚያ ወደዚህ የመጣ ጆሮ "ቀጠነብኝ" ቢል እውነቱን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ሲጨምር የምንወደው ነገር ሁሉ አብሮ የሚጨምር ይመስለናል። ድምፅ ግን እንደዚያ አይሄድም። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ ይሰማል። እስከ 250 ገደማ ያለው ቤዝ ነው፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር። ከዚያ እስከ 4,000 አካባቢ ሚድ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ሳክስፎኑ ዋና አካላቸው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ትሬብል ነው፤ ጸናጽል፣ ሲምባል፣ ትንፋሽ። የአንድ ሄድፎን የድምፅ ጠባይ ማለት ከእነዚህ የትኛውን ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ አድርጎ ያሰማል ማለት ነው። ተጨማሪው ገንዘብ ጥራትን፣ ዝርዝርን፣ ምቾትን ሊገዛ ይችላል። ጠባዩ ግን የሠሪው ምርጫ ነው። የሠሪው ምርጫ ካንተ ጋር ካልገጠመ ምንም ያህል ዶላር አያስታርቃችሁም።

ለመሸጥ አትቸኩል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ስጠው፤ ጆሮ አዲስ ድምፅ ይለምዳል። ከዚያ በኢኳላይዘር (ቤዝን፣ ሚድን፣ ትሬብልን ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ መተግበሪያ) ከ100 ኸርትዝ በታች ያለውን በ5 ዴሲቤል ከፍ አድርግ፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። ድምፁ እንዳይሰነጠቅ አጠቃላዩን መጠን በዚያው ልክ ቀንስ። አሁንም ካላረካህ ሽጠውና የኦዲዚን ኤልሲዲ-ኤክስ ሞክር። ፕላናር የሚባለው፣ ድምፁን በስስ ጠፍጣፋ ሽፋን የሚያወጣ ዓይነት ነው፤ ቤዙ እስከ 20 ኸርትዝ ድረስ ሳይወድቅ ይወርዳል፣ ኢኳላይዘርም በደንብ ይቀበላል። ክብደቱ ግን 612 ግራም ነው። አንገትህ ካልቻለው ድምፁ ቢያምርም አታዳምጥበትም።

ከአዲስ አበባ፦ "እዚህ ውድ ሄድፎን ጆሮ ላይ አድርጎ ሞክሮ መግዛት ይከብዳል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው ገዝቶ በሰው የሚልክልኝ። ሳልሰማው እንዴት ልምረጥ?"

ይህን ጥያቄ ስላነሣህ አመሰግናለሁ፤ የብዙዎቻችን ችግር ነው። በሰው እጅ የመጣ ዕቃ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ምርጫው ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት። ይቻላልም።

አሁን ባለህ ሄድፎን ጀምር። ተራም ቢሆን ግድ የለም። በቃልህ የምታውቃቸውን አምስት ስድስት ዘፈኖች ምረጥ። አንዱ ድምፃዊው ጎልቶ የሚሰማበት ይሁን፤ አንዱ ቤዙ ከባድ የሆነ፤ አንዱ ብዙ መሣሪያ ያለበት። ለአንድሮይድ ዌቭሌት የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ኢኳላይዘር ኤፒኦ አለ። መጀመሪያ ከ100 ኸርትዝ በታች ያለውን በ4 ዴሲቤል ከፍ አድርግና ለጥቂት ቀን እንደዚያ አዳምጥ። ከዚያ ወደነበረበት መልሰውና ከ6,000 በላይ ያለውን በ3 ዴሲቤል ዝቅ አድርግ። ቀጥሎ ከፍ አድርግ። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ወደ ቀድሞው ስትመልሰው ቅር ያለህ የትኛው ላይ ነው? ፍላጎትህ እሱ ነው። ምንም ባትነካው የሚሻልህ ከሆነም አንድ መልስ አገኘህ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሁለት ድምፅ ስታነጻጽር ቮሊዩማቸው እኩል ይሁን። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ደግሞም በዝቅተኛ ቮሊዩም ስናዳምጥ ጆሯችን ቤዝን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ቀስ አድርገህ የምታዳምጥ ከሆንክ ቤዙ ሞላ ያለ ሄድፎን ይስማማሃል። ጮክ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ያው ሄድፎን ይከብደዋል።

ከዚያ የየሄድፎኑን ግራፍ ማየት ትጀምራለህ፤ የትኛውን ኸርትዝ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ እንደሚያሰማ በመሣሪያ ተለክቶ የሚያሳይ መስመር ነው። በግራፎቹ ላይ ሃርማን የሚባል መነጻጸሪያ መስመር ታያለህ። ሾን ኦሊቭ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ብዙ አድማጮችን እያስመረጡ ያወጡት ነው። በ2019 ባወጡት ጥናት ከአድማጮቹ 64 በመቶው ያንን መስመር ወይም ለእሱ የቀረበውን መርጠዋል። 15 በመቶው ከዚያ የበለጠ ቤዝ ፈልገዋል፤ 21 በመቶው ያነሰ። እኔ ይህን ጥናት የምወደው ለዚህ ነው፤ ሁላችንም አንድ ጆሮ እንደሌለን በቁጥር ያሳያል። ከሦስቱ የትኛው ውስጥ እንዳለህ የኢኳላይዘር ሙከራህ ይነግርሃል።

ግራፉ ላይ 3,000 ኸርትዝ አካባቢ ኮረብታ ስታይ አትደንግጥ። የጆሯችን ቀዳዳ ራሱ ያንን አካባቢ ስለሚያጎላ ጥሩ ሄድፎን ሁሉ እዚያ ጋ ከፍ ይላል። ከ10,000 በላይ ያለውን መስመር ብዙ አትመነው። ሁለት ሄድፎን ስታወዳድር ደግሞ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተለኩ ይሁኑ።

ሞዴል ጥቀስ ካልከኝ፦ ድምፃዊውን ያለ ጭማሪ መስማት ለሚፈልግ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600። ከ1997 ጀምሮ አለ፤ እስካሁንም ሰው አልጠላውም። ሞቅ ያለና ለስላሳ ለሚወድ ኤችዲ 650። ለሰፊና ብሩህ ድምፅ የሃይፊማን አሪያ። የከበሮው ምት ደረቱ ድረስ እንዲሰማው ሚዛኑም እንዳይበላሽ ለሚፈልግ የፈረንሳዩ ፎካል ክሊር። ለእኔ ጆሮ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ኤችዲ 600 ነው። ግን ጥልቅ ቤዝ ወዳጅ ከሆንክ ምክሬን አትስማ፤ ያሳዝንሃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "በገናና የድሮ የካሴት ዘፈን ነው የማዳምጠው። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ገዝቼ ነበር። ዘፋኙ 'ሰ' እና 'ጸ' ሲል ጆሮዬን ይወጋኛል። ዕድሜዬ ነው ወይስ ዕቃው?"

ዕቃው ነው፣ እህቴ። እነዚያ ድምፆች ጉልበታቸው በአብዛኛው ከ5,000 እስከ 10,000 ኸርትዝ ባለው ውስጥ ነው። ዲቲ 990 ደግሞ 8,000 አካባቢ ጎላ ብሎ የተሠራ ነው። ቤዙም ከፍ ስላለ ሚዱ መሐል ላይ ይዋጣል። በካሴት ሙዚቃ ላይ ነገሩ ይብሳል። የቴፑ ሽሽታም (ከዘፈኑ ጀርባ 'ሽ' የሚለው ድምፅ) እዚያው ከፍታ ላይ ስላለ ሄድፎኑ እሱንም አብሮ ያጎላዋል።

ለእርስዎ የምመርጠው ኤችዲ 650 ነው፤ በ2003 የወጣው። አሜሪካ ስላሉ ድሮፕ የሚባለው ሻጭ ያወጣውን ኤችዲ 6ኤክስኤክስን ይመልከቱ። ያው 650 ነው፤ በ2016 ሲወጣ 200 ዶላር ገደማ ነበር። ሽሽታውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ድምፃዊውን ያቀርበዋል።

ከዚያ የበለጠ የደበዘዘ ድምፅ ያለው ግን አይግዙ። ምክንያቱ በገናው ነው። የበገና ዝዝታ ከአውታሩ ብቻ አይመጣም። እያንዳንዱ አውታር ድልድዩን በሚነካበት ቦታ ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን ይነካል። ያ ዝዝታ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ከፍ ያሉ ድምፆችን ይፈጥራል። ትሬብሉ በጣም የተቆረጠ ሄድፎን ዝዝታውን ይገድለውና የሚቀረው እንደ ተራ ወፍራም አውታር ነው። ለበገና አድማጭ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። በገና የደርዳሪውን እጅ፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ ሳይቀር መስማት የምንፈልግበት መሣሪያ ነው። 650 ላይ ይህ ሁሉ አለ።

አንድ የማይስተካከል ነገር አለ። ከካሴት ወደ ኤምፒ3፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ተጨምቆ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ቅጂ የጠፋበትን የሚመልስ ሄድፎን የለም። የሚወዱት አልበም ከዋናው ቴፕ በድጋሚ ታትሞ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ። ከሄድፎኑ በላይ ለውጡን ያዩታል።

ከባሕር ዳር፦ "ተማሪ ነኝ። ስልኬ የጃክ ቀዳዳ የለውም። 300 ኦም ሄድፎን ብገዛ አምፕ የግድ ነው?"

የግድ ባይሆንም ስልክህ ብቻውን አይበቃም። ኦም ሄድፎኑ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቋቋም ይለካል፤ አምፕ ደግሞ ለሄድፎን ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ነው። ኦሙ ሲበዛ ሄድፎኑ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የአፕል ትንሿ ዩኤስቢ-ሲ አዳፕተር በ9 ዶላር ጥሩ ሥራ ትሠራለች። ግን ልዩነት አላት። አሜሪካ የሚሸጠው 1 ቮልት ያወጣል፤ አውሮፓ የሚሸጠው ግማሹን ብቻ። ስለዚህ የሚያመጣልህ ሰው ከየት እንደሚገዛ ጠይቅ። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይም ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ከመግዛትህ በፊት ጓደኛህ ያለው ካለ በስልክህ ሞክር። ኦሙ አነስ ያለ ሄድፎን ግን ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ፕላናሮቹ ኦማቸው ትንሽ ሆኖ ከፍተኛ ከረንት ይፈልጋሉ። በጀትህ ውስን ከሆነ የሩማኒያው ሜዝ 99 ክላሲክስ ይሻልሃል። 32 ኦም ነው፤ ከስልክም በቀላሉ ይጮሃል። ጠባዩ ሞቅ ያለ፣ ቤዙ ሞላ ያለ ነው።

ከቴል አቪቭ፦ "አውቶቡስ ውስጥና ሥራ ቦታ ነው የማዳምጠው። ክፍት ጀርባ ልግዛ?"

አይ። ክፍቱ ጀርባው አየር እንዲያሳልፍ ተደርጎ ስለተሠራ የአንተን ዘፈን ለጎረቤት፣ የአውቶቡሱን ጫጫታ ለአንተ ያደርሳል። ዝግ ግዛ። አውቶቡሱ ዋና ቦታህ ከሆነማ ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጭ ጫጫታን የሚቀንስ) ያለው ይሻላል። ክፍቱን ጸጥ ያለ ክፍል ሲኖርህ ትመለስበታለህ።

ከፍራንክፈርት፦ "ሹሩባ ስሠራ የሄድፎኔ ቤዝ ይጠፋል። እየሳትኩ ነው?"

አልተሳሳትሽም። ዝግ ሄድፎን ቤዙን የሚይዘው ስፖንጁ ቆዳ ላይ ድፍን ብሎ ሲቀመጥ ነው። ሹሩባ፣ የመነጽር ዘንግ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ክፍተት ከፈጠረ ቤዙ በዚያ ያመልጣል። የጆሮሽን ዙሪያ ለቀቅ አድርገሽ ተሠሪ፤ ወይም ስፖንጁን ወፍራምና ለስላሳ በሆነ ቀይሪው። ስፖንጅ ሲቀየር ግን የሄድፎኑ ድምፅም ይለወጣል። በተቻለ መጠን ከፋብሪካው የመጣውን ዓይነት ፈልጊ።

ከሐዋሳ፦ "አዲስ ሄድፎን መቶ ሰዓት ካልተጫወተ ድምፁ አይከፈትም ይባላል። እውነት ነው?"

በአብዛኛው የሚለምደው ጆሮህ ነው። ስፖንጁም ይለሰልሳል፤ ያ ትንሽ ለውጥ ያመጣል። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠህ አታጫውተው፤ አንተው አዳምጥበት።

ከአዲስ አበባ፦ "ልጄ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ ከ60 አልፏል። ልጆቼ ጥሩ ሄድፎን እንግዛልህ ይሉኛል። ለእኔ ጆሮ ገንዘብ ማባከን አይሆንም?"

አይሆንም፣ አባቴ። በዕድሜ መጀመሪያ የሚደክመው ከፍ ያለው ትሬብል ነው። የዘፈኑ አብዛኛው አካል ያለበት ሚድ ግን ለብዙ ሰው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ሚዱ ንጹሕ የሆነ፣ ቀላልና ራስን የማይጨምቅ ይምረጡልዎ። ትሬብሉ ጎልቶ የተሠራ ይሻለኛል ብለው ካሰቡ ግን ይጠንቀቁ። አንዳንዱ ሰው ዝቅ ያለውን ድምፅ ባይሰማም ጮክ ሲል ከወጣቱ እኩል ያመዋል።

ያላስተዋሉት ሌላ አደጋ አለ፤ የማይሰማውን ለመስማት ቮሊዩም መጨመር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ወደ 90 ከወጣ 4 ሰዓት ብቻ ይቀርዎታል። ልጆችዎ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ቀን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዘውዎት ሄደው የመስማት ምርመራ ያድርጉ። ውጤቱ የትኛው ከፍታ ላይ ስንት እንደቀነሰ በግራፍ ይሰጣል። ያንን ይላኩልኝ፤ ሞዴሉን ያኔ አብረን እንመርጣለን።