መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት ስመለስ የፕለግ ኢን ሃይብሪድ መኪናዬ (ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም የቤንዚን ሞተርም ያለው መኪና) ባትሪ ጣርማ በር ሳልደርስ ለምን አለቀ?

ባትሪዎ አልተበላሸም፤ የበላው ዳገቱ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ሲደርሱ ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተዋል። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናን ያን ያህል ከፍ ማድረግ ብቻ፣ መንገዱ ራሱ የሚፈጀውን ሳይጨምር፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይወስዳል። የብዙዎቹ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ መኪኖች ባትሪ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው። ሲወርዱ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከፊሉን ስለሚመልስ ያው መንገድ የተለየ ይመስላል።

ጠዋት ከደብረ ብርሃን ሲነሱ የሚያዩት መቀነስ ግን ከብርዱ ነው፤ የቀዘቀዘ ባትሪ የሚሰጠው ያንሳል፣ ማሞቂያውም ከዚያው ይቀዳል። መኪናው ገና ቻርጅ ላይ ሳለ ውስጡን ያሙቁት። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር በአብዛኛው ካለፈው አነዳድዎ የተሰላ ግምት ስለሆነ፣ ከቁልቁለት በኋላ የሚያሳየውን አይመኑት።

አንድ ጥንቃቄ፦ እኔ ባትሪውን ልቆጥብ ብዬ እስከ ጣርማ በር በቤንዚን ነድቼ ሙሉውን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል ስለማይቀበል ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደቀ፤ ደብረ ሲና ስደርስ ፍሬኑ ይሸት ነበር። ስለዚህ ሜዳው ላይ በኤሌክትሪክ ይንዱና ለቁልቁለቱ ባትሪው ላይ ቦታ ይተዉ።